የእትዬ ጽጌ ከረጢቶች

ባለፈው ዓመት አክስቴ መሬም ዓይኗን ልትታከም ደሴ እኔ ቤት ከርማ ነበር። አንድ ቀን ወፍራም ጋቢዋን እንዳመጣላት ቁልፍ ሰጥታ ኮምቦልቻ ወዳለው ቤቷ ላከችኝ። ጓዳዋ ውስጥ ያለውን የእንጨት ሣጥን ስከፍት የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ለብዙ ሰው ናፍታሊን የክት ልብስ ሽታ ነው። ለእኔ ግን የማሽላ ሽታ ነው። ጋቢውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ከዚያ የተነሣሁት ግን ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዞር ካለች በኋላ ነው።

አምስተኛ ክፍል የወደቅኩበት ዓመት ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፤ ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ። ሰኔ ላይ ካርድ ሲታደል የእኔው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ወድቃለች» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። የጣለኝ ሒሳብ ነው። እጅ ጽሑፌ ከክፍሉ አንደኛ ነበር፤ በእጅ ጽሑፍ የሚያልፍ ግን የለም። ክረምቱን ሙሉ ሰው እንዳያየኝ ከግቢ ሳልወጣ ከረምኩ። መስከረም ሲጠባ «ትምህርት በቃኝ» አልኩ። እናቴ መጀመሪያ ለመነችኝ፣ ቀጥላ ተቆጣችኝ፣ በመጨረሻ ደከማት።

«እንግዲያው አክስትሽ ዘንድ ኮምቦልቻ ሂጂ» አለችኝ። «እዚያ የሚያውቅሽ የለም። እዚያው ድገሚው።»

የሐረጎን ቁልቁለት በአውቶቡስ ስንወርድ የደሴ ጉም ከኋላችን ቀረ፤ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ሹራቤን አወለቅኩት። እስከ የካቲት መልሼ አልለበስኩትም።

አክስቴ መሬም ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራ ነበር። ባሏ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤውም ከቆመ ከርሟል። ስለ እሱ ስትጠየቅ «አላህ ያውቃል» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከሦስቱ ክፍሎቿ አንዱን ለአንዲት የመንግሥት ሠራተኛ አከራይታዋለች።

«ሳይንቲስት ናት» አለችኝ፣ እንደ መጣሁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከአዲስ አበባ ነው የላኳት። እንዳትረብሻት።»

እኔ የማውቀው ሳይንቲስት የመማሪያ መጽሐፋችን ላይ ያለውን ጺማም ነጭ ሽማግሌ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ አንዲት አጠር ያለች ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ተረከዟ የተሰነጣጠቀ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ስትሰፋ አገኘኋት። ጎረቤት መሰለችኝ።

«ሳይንቲስቷ ተነሥተዋል?» አልኳት።

መርፌዋን ሳታቆም «እየተነሣች ነው» አለችኝ።

እትዬ ጽጌ እሷ ነበረች። የምትሰፋው ትንንሽ ከረጢት ነበር። ለዘር መሰብሰቢያ የሚሆን ከረጢት እንዲላክላት ለመሥሪያ ቤቷ ሦስት ጊዜ ጽፋ መልስ ስላላገኘች የገዛ አንሶላዎቿን ቀድዳ መስፋት ጀምራ ነበር። ግማሾቹ ከረጢቶች ነጭ ናቸው፤ ግማሾቹ ሰማያዊ አበባ አለባቸው። እሷ ራሷ ባዶ ፍራሽ ላይ ነበር የምትተኛው። ደብዳቤዎቿ መልስ አለማግኘታቸውን ስሰማ፣ አዲስ አበባ ያለው አለቃዋ የሞተ መሰለኝና አዘንኩላት። እስካሁን ሰው ያልነገራት እኮ ነው እያልኩ ብዙ ቀን ተጨነቅኩ።

ሥራዋ ማሽላ መሰብሰብ ነበር። ለመብላትም ለመሸጥም አይደለም። በየቀበሌው ገበሬው የሚዘራው ማሽላ ስሙም መልኩም ይለያያል፤ አንዱ ድርቅ ይችላል፣ አንዱን ወፍ አይደፍረውም፣ አንዱ ለጠላ ነው፣ አንዱ ለእሸት። ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዛላ እየለመነች፣ ፈልፍላ፣ ከረጢት ውስጥ ከናፍታሊን ጋር ታስቀምጣለች። አዲስ አበባ ሲደርስ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ዝናብ በከዳ ዓመት ገበሬው ዘሩን ይበላዋል፤ ከተበላ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ይህን ያስረዳችኝ እሷ ናት። እኔ ግን የተረዳሁት ማሽላው በረዶ ቤት ሊታሰር እንደሆነ ነው።

እጅ ጽሑፌን ያየችው አንድ ቀን የአክስቴን የቀበሌ ማመልከቻ ስጽፍ ነው። ወረቀቱን አንሥታ ራቅ አድርጋ አየችው።

«ሰዓዳ፣ ጠዋት ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?»

ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ነበር፤ ጠዋት ምንም አልሠራም። ከሰዓትም ቢሆን ክፍል ገብቼ የመጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ እንጂ ምንም አልሠራም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የከረጢቶቹን ወረቀት የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ቀለም በእርጥበት ስለሚፈስ በእርሳስ ነው የሚጻፈው። አንድ ወረቀት ከከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ከውጭ ይታሰራል። ቁጥር፣ የቦታው ስም፣ ከፍታው፣ ማሽላው በአገሬው የሚጠራበት ስም፣ የሰጠው ሰው ስም። ከፍታውን የምታነበው አንገቷ ላይ በቆዳ ማሰሪያ ከምታንጠለጥለው ክብ ነገር ነበር። እኔ ሰዓት መስሎኝ፣ ዘወትር የተሳሳተ ሰዓት ይዛ ስትዞር አንድም ሰው አለማስተካከሉ ይገርመኝ ነበር። ከፍታ መለኪያ መሆኑን የነገረኝ ሾፌሯ ጋሽ እንድሪስ ነው፤ ስቆ ስቆ አልጨረሰም።

ኅዳር ላይ ማሽላው ሲደርስ ቅዳሜ ቅዳሜ በመሥሪያ ቤቷ ላንድሮቨር ይዘውኝ ወደ ሐርቡ ይወርዱ ጀመር። የዚያ ዓመት ዝናብ ቀድሞ ነበር ያቋረጠው። ብዙው አገዳ ሳያፈራ ደርቆ በነፋስ ይንኮሻኮሻል። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። መኪናው በቆመበት ሁሉ ወንዶቹ ተሰብስበው ጋሽ እንድሪስን ሰላም ይሉታል።

«አሰላሙ አለይኩም፤ ምን ፈልጋችሁ ነው ጌታው?»

«እኔ ሾፌር ነኝ። አለቃዋ እሷ ናት።»

ይስቃሉ። እትዬ ጽጌ ትጠይቃለች፣ እነሱ መልሱን ለጋሽ እንድሪስ ይነግሩታል። እሷ የተነገረውን ትጽፋለች። አንድ ሽማግሌ «ባል የለሽም? ባልሽ ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቋት «ማሽላው ስንት ወር ይፈጃል?» ብላ መለሰችላቸው። ከወንዶቹ የሚገኘው ከተገኘ በኋላ ወደ ሴቶቹ ትሄዳለች። ዘር መርጠው የሚያስቀሩት ሴቶቹ ናቸው፤ እሷ ይህን ታውቃለች። አውድማ ዳር አብራቸው ትቀመጥና ዛላ እየፈለፈለች ታወራቸዋለች። ስትመለስ ጉልበቷን ይዛ ነው የምትነሣው።

እመት ዘይነባን ያገኘናቸው እንደዚያ ነው። ከሐርቡ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። የዘር ማሽላቸውን ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅለውታል። አምስት ዛላ ነው፤ ፍሬው ድፍን፣ ቅቤ የመሰለ።

«ስሙ ወተት በጉንጬ ነው» አሉ። «ዱሮ እዚህ ዳገቱ ሙሉ እሱ ነበር። ወፍ ይወደዋል፣ ልጅ ይወደዋል፣ ስለዚህ ሰዉ ተወው። አሁን በዚህ ሰፈር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

እትዬ ጽጌ ሁለት ዛላ እንዲሰጧት ለመነቻቸው።

«ወስደሽ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አስቀምጠዋለሁ፣ እመት። የእርስዎ ቢጠፋ ከእኔ ዘንድ ይገኛል።»

«የሰው ልጅ እህል ወስዶ ሳይበላው ሲያስቀምጥ አላየሁም እኔ» አሉና ቀና ብለው ሁለቱን ፈትተው አወረዱ። «ስሜን ጻፊበት እንግዲህ። ዘይነባ ይማም በይ። ከማን እንደ መጣ ይታወቅ።»

ጻፍኩት። አበባ ያለው ከረጢት ነበር። የሰጡን ሰዎች ሁሉ ስማቸው ይጻፍ ነበር፤ ጻፉልኝ ያሉት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

እሑድ እሑድ እትዬ ጽጌ ከክፍሏ አትወጣም ነበር። በሩ ገርበብ ስለሚል አያታለሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እግሯን አጥፋ፣ ሳትተኛ ትጋደማለች። እኛ ሙስሊሞች ስለሆንን የክርስቲያኖቹን ነገር አላውቅም፤ እሑድ ክርስቲያኖች ግድግዳ የሚያዩበት ቀን ይመስለኝ ነበር። ግን ሌሎቹን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ሳይ እንደሱ አያደርጉም። አንድ እሑድ ሻይ ይዤላት ገባሁ።

«እትዬ፣ አሞዎታል?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ?»

«መነሣት አቅቶኝ ነው።» ሻዩን ተቀበለችኝና ቁጭ አለች። ፀጉሯ በአንድ ወገን ተጨፍልቋል።

«ሥራዎን አይወዱትም እንዴ?»

«ስማር ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ ለጥናት ገጠር ሲወጡ እኔን፣ አንቺ ቢሮ ቁጭ ብለሽ መዝግቢ ይሉኝ ነበር። ያኔ በንዴት ነው የሠራሁት። ንዴት ደህና ያስኬዳል፣ ግን ያልቃል።»

«ካለቀ በኋላስ?»

«ካለቀ በኋላማ፣ ነገ ሐርቡ እሄዳለሁ አልልም። ነገ ጫማዬን አደርጋለሁ እላለሁ። ጫማዬን ካደረግኩ በኋላ ቤት መቀመጥ ያሳፍረኛል።» ሻዩን ጠጣች። «አንቺስ፣ ያንቺ ትምህርት እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት። ደህና አልነበረም። በዚያ ሳምንት ሒሳብ ከሃያው አራት ብቻ ነበር ያገኘሁት፤ ወረቀቱን አጣጥፌ ጫማዬ ውስጥ ነበር ያስገባሁት።

አሁን ወደማልወደው ነገር መጣሁ። በኅዳር መጨረሻ እትዬ ጽጌ የነዳጅ ፈቃድ ለማውጣት ደሴ ወጣች። አክስቴም ሥራ ላይ ነበረች። እኔ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጬ የቀሩ ወረቀቶችን እጽፋለሁ። በዚያን ሰሞን ቤት ውስጥ ምግብ ተቆጥቦ ነበር፤ ራበኝ ማለት ግን አልችልም፣ ቁርስ በልቼ ነበር። የእመት ዘይነባ ከረጢት እጄ ላይ ነበር። ፈታሁትና አሸተትኩት። ከናፍታሊኑ ሥር የጭስ ሽታ አለ። ወፍም ልጅም ይወደዋል ያሉት ትዝ አለኝ። አንድ እፍኝ ብቻ ብዬ ናፍታሊኑን አወጣሁና ፍሬውን ደጋግሜ አጠብኩት፤ ምድጃው ላይ ቆላሁት። ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ቆሎ ከዚያ በፊት አፌ አልገባም። ከላይ ይሰበራል፣ ከውስጡ ጣፋጭ ነው። አንድ እፍኝ ብዬ የጀመርኩት ከረጢቱ ባዶ ሲሆን አለቀ።

ከዚያ ፈራሁ። ከአክስቴ ጎተራ ተራውን ማሽላ ዘግኜ ከረጢቱን ሞላሁት፤ ናፍታሊኑን መለስኩ፣ አሰርኩት። ከውጭ ያለው ወረቀት በእኔው ቆንጆ ጽሑፍ «ወተት በጉንጬ፣ ዘይነባ ይማም» ይላል። ከሌሎቹ መሃል ጨመርኩት። ማታ እትዬ ጽጌ ስትመለስ ከረጢቶቹን ቆጥራ «ተባረኪ፣ ሁሉንም ጨርሰሻል» አለችኝ። እራት አልበላሁም። አክስቴ ሙቀት አለሽ እንዴ ብላ ግንባሬን ነካችኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ከረጢቶቹ መቶ ስድሳ ሦስት ደረሱ። እትዬ ጽጌ ለአዲስ አበባ ጫነቻቸው። ያን ጊዜ እህል ያለ ፈቃድ ከቦታ ወደ ቦታ ማጓጓዝ የተከለከለ ነበር፤ በየመንገዱ ኬላ አለ። እሷ የፈቃድ ደብዳቤ ይዛለች። ጠዋት ሸኘናት። በማግሥቱ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ላንድሮቨሩ ደጃችን ቆሟል።

ግቢው ውስጥ አንድ ማዳበሪያ ቆሟል፤ እስከ ወገቡ ማሽላ አለበት። አጠገቡ ባዶዎቹ ከረጢቶች ተከምረዋል። እትዬ ጽጌ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የነገረን ጋሽ እንድሪስ ነው። ከሐርቡ ወዲያ ባለ አንድ ኬላ አስቁመዋቸው፣ ደብዳቤው ላይ አንድ ማኅተም ይጎድለዋል ተባለ። እህሉ መመዘን አለበት አሉ። መቶ ስድሳ ሦስቱን ከረጢት እየፈቱ ለመመዘን እንዲመቻቸው አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ገለበጡት። እሷ ስትጮህ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት አለቃቸው መጣና ጥቂት መሆኑን አይቶ መለሰላት። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። «ጓዲት፣ አንድ ፍሬ አልጎደለም» ነው ያላት።

ማዳበሪያው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ሁሉም አለ። እኔም እንደ ልጁ፣ ምንም አልጠፋም እኮ ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው፤ የእኔ ከረጢትም ተገልብጧል፣ እንግዲህ ማንም አያውቅብኝም። ደስ አለኝ። እሷ እዚያ ደረጃ ላይ እንደዚያ ሆና ተቀምጣ እኔ ደስ አለኝ። ያንን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሦስት ቀን አልተነሣችም። አክስቴ ከሥራ ስትመለስ እየገባች አጠገቧ ትቀመጣለች።

«ተይው እንግዲህ» ስትላት ሰማሁ። «የሚቻልሽን አድርገሻል። እነሱ እንደሆኑ ደብዳቤሽን እንኳ አይመልሱ። ለማን ብለሽ?»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው» አለች እትዬ ጽጌ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የውሃ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ከረጢቶቹን እያጠበች ነበር። ጫማዋን አድርጋለች። ፊቷ ጭንቅ ያለ ነው፣ ደስ ያላት አትመስልም፤ ሰው እንደማይወደው የቤት ሥራ ነው የምትሠራው። መዝገቡ አልጠፋም፤ የሰዎቹ ስም፣ ቦታው፣ ሁሉም ተጽፏል። እያንዳንዳቸው ዘንድ እንደገና ልትሄድ ነው። ሳልጠየቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማለቅለቅ ጀመርኩ። ገመዱ ሙሉ ነጭና አበባ ከረጢት ተሰጣ።

አንዳንዱ ቤት ወቅተው ከሌላው ደባልቀውት ነበር። አንዳንዱ ቤት በልተውት ነበር። አንድ ሰው «አንዴ ሰጥተናል፤ በየሳምንቱ ነው እንዴ?» ብሎ በሩን ዘጋባት። እሷ «ልክ ነህ» ብላው ወደሚቀጥለው ሄደች። በቀን ሦስት ከረጢት ከሞላ ጥሩ ቀን ነው።

እመት ዘይነባ ዘንድ የሄድነው በጥር ነው። ከምድጃው በላይ የተሰቀለው አንድ ዛላ ብቻ ነበር።

«ልጄ ከነቤተሰቡ መጥቶብኝ» አሉ። «ልጆቹ ርቧቸው ነበር። ሁለቱን ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ።»

እትዬ ጽጌ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እመት፣ የሰጡኝን አጠፋሁት። አስቀምጠዋለሁ ብዬዎት ነበር» ብላ የኬላውን ነገር ነገረቻቸው። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ ስትጨርስ አንገቷን ደፋች።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ግን ያላጠፋችውን አጠፋሁ ስትል ማየት አቃተኝ።

«ኬላው አይደለም» አልኩ። «እመት፣ የእርስዎን የበላሁት እኔ ነኝ። ቆልቼ በላሁት። በቦታው ሌላ ማሽላ ጨመርኩበት።»

እትዬ ጽጌ ቀና ብላ አየችኝ። የዚያን ዓይነት አስተያየት እናቴም አይታኝ አታውቅም። እመት ዘይነባ ግን ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ጣፈጠሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እመት።»

«አዎ፣ ይጣፍጣል። እኔ ከቀመስኩት ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ለዘር ለዘር እያልኩ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ምንም ተነሥተው ዛላውን አወረዱት፤ መሃሉን ይዘው ለሁለት ሰበሩት። ግማሹን መልሰው ሰቀሉ፤ ግማሹን ለእትዬ ጽጌ ሰጧት።

«በዚህኛውም ላይ ስሜን ጻፉበት» አሉ። «ይቺው ልጅ ትጻፈው።»

ጻፍኩት። ከጻፍኳቸው ሁሉ አስቀያሚው ጽሑፌ ያ ነው።

እትዬ ጽጌ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እርሳስና ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች።

«መብላትሽ አይደለም የከፋው» አለችኝ። «ልጅ ይበላል። በሌላ ማሽላ ላይ ያንን ስም ትተሽ ዝም ማለትሽ ነው። ዘንድሮ ባይገለበጥ ኖሮ፣ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ወተት በጉንጬ ነው ብሎ ዘርቶ ሌላ ያበቅል ነበር። እመት ዘይነባን ውሸታም ታደርጊያቸው ነበር።»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«እሺ። አሁን ጻፊ፣ ዛሬ አራት አለን።»

በዚያው ሳምንት፣ እየጻፍኩ ሳለሁ፣ ከጫማዬ ውስጥ ያወጣሁትን የሒሳብ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አየችው። ከዚያ በኋላ ወረቀት ጽፈን ስንጨርስ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እየተከደነ እንኳ፣ ሁለት ሁለት ጥያቄ ታሠራኝ ነበር። ሁለት ብቻ። አንዳንድ ቀን ሁለቱንም እሳሳታለሁ። «ነገ ሌላ ሁለት» ትላለች።

በየካቲት መጀመሪያ ዘጠና አንድ ከረጢት ሆነ። መቶ ስድሳ ሦስት አልሞላም፤ የቀረው ቀረ። እትዬ ጽጌ ከስታ የከፍታ መለኪያዋ ደረቷ ላይ ከብዶ ይታይ ነበር። ደብዳቤዋ ላይ ሦስት ማኅተም አስመታች፤ ለአንዱ ብቻ ደሴ ስድስት ጊዜ ተመላልሳለች። የምትሄድበት ቀን አክስቴ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«እኔና ሰዓዳ እስከ ኬላው እንሸኝሻለን» አለቻት። «ሊገለብጡት ቢነሡ ቢያንስ ሰው ይኑርሽ።»

«አንቺ አልተኛሽም እኮ።»

«አብሽሪ። ስንመለስ እተኛለሁ።»

ኬላው ጋ ደረስን። እትዬ ጽጌ ወረቀቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ባለ ማኅተሙን ከላይ አድርጋለች። የምትለውን በልቧ ስትደጋግም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ያ ትሑት ልጅ አልነበረም፤ ሌላ ጠና ያለ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ላንድሮቨሩን አየ። ከወንበሩ እንኳ ሳይነሣ እጁን አወዛወዘ። እለፉ ማለቱ ነው። ገመዱ ወረደ።

ጋሽ እንድሪስ ትንሽ አልፎ እኛን ለማውረድ ቆመ። እትዬ ጽጌ ወረቀቶቹን እንደያዘች ወደፊት ታያለች።

«አለፍን እኮ» አላት።

«አላየውም» አለች። «አላነበበውም።»

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ሲገለብጡባት ያላለቀሰች፣ በር ሲዘጋባት ያላለቀሰች፣ አሁን ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ልጅ አለቀሰች። አክስቴ ወርዳ በመስኮት እጇን ሰድዳ ትከሻዋን ያዘቻት። ብዙ ቆየን። ኋላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ እኔን ጠርታ ግንባሬን ሳመችኝና «በይ፣ በርቺ» አለችኝ። መኪናው ሄደ፤ አቧራው እስኪሰክን ቆመን አየነው።

ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ አውቶቡስ ለመጠበቅ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ታዲያ አሁን ምን ያስለቅሳታል?» አለች አክስቴ። «አለፈች አይደል?»

«እንጃ» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ ራሷን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ከሥራ ልብሷ የፋብሪካው የጥጥ ብናኝ ሽታ ይመጣል። አውቶቡሱ አይታይም። ሰኞ የሒሳብ ፈተና ነበረብኝ፤ ደብተሬን አላመጣሁም። እሷን እንዳልቀሰቅሳት በልቤ የሰባትን ብዜት ማለት ጀመርኩ። ሰባት በስምንት ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ከአንድ ጀመርኩ።